መጀመሪያ ካምቢዮውን ምረጡ

በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከሞተር ይጀምራሉ። ሰሞኑን አሜሪካ ካሉ ወገኖች ተደጋግሞ የመጣው ይሄ ነው፦ «የ1972 ሼቭሮሌት ሲ10 ፒካፕ አለችኝ፤ ከሲልቨራዶ የወረደ 5.3 ሊትር ሞተር አግኝቻለሁ። የትኛውን አውቶማቲክ ካምቢዮ ልግጠምለት?»

ሞተሩ ጥሩ ምርጫ ነው፤ እንደ ልብ ይገኛል፣ መለዋወጫውም አያስቸግርም። እኔ ግን መልሼ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። መኪናዋን የት ነው የምትነዷት? ዲፈረንሻሏስ ስንት ነው?

ዲፈረንሻሉን ለምን እንደምጠይቅ በቁጥር ላሳያችሁ። ጎማው 28 ኢንች ቁመት፣ ዲፈረንሻሉ 3.73 ነው እንበል። የዚያን ዘመን ካምቢዮ ቲኤች350ን ብትገጥሙ ሦስት ማርሽ ብቻ ነው ያለው፤ ሦስተኛው ደግሞ አንድ ለአንድ ነው። ሃይዌይ ላይ በሰዓት 70 ማይል ስትሄዱ ሞተሩ በደቂቃ 3,130 ዙር ገደማ ይዞራል፤ ቶርክ ኮንቨርተሩ የሚያንሸራትተው ሲጨመርበት ከዚያም ያልፋል። አራተኛ ማርሹ 0.70 የሆነ ካምቢዮ ቢሆን ግን በዚያው ፍጥነት 2,190 አካባቢ ይሆናል። ቤንዚኑም፣ ሙቀቱም፣ ጋቢና ውስጥ የሚሰማው ጩኸትም ሌላ ነው። ሁለት ሰዓት ለሚነዳ ሰው ይህ ልዩነት ከማንኛውም የፈረስ ጉልበት ይበልጥበታል። ዲፈረንሻላችሁ 3.08 ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል፤ ባለ ሦስት ማርሹ በ70 ማይል 2,590 ገደማ ስለሚዞር ያን ያህል አያስከፋም፣ አራተኛ ማርሽም በከተማ ፍጥነት ብዙም አይገባላችሁም።

ቲኤች350 ከ1969 ጀምሮ፣ ታላቅ ወንድሙ ቲኤች400 ከ1964 ጀምሮ የተሠሩ ጠንካራ ካምቢዮዎች ናቸው። ኮምፒውተር አይፈልጉም፤ ለሰልፍና ለአጭር መንገድ መኪና ዛሬም እመክራቸዋለሁ። «ጠንካራ ነው» ስለተባለ ብቻ ቲኤች400ን ሃይዌይ ለምትውል መኪና መግጠም ግን አይታየኝም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት 700አር4 ነው። በ1982 የወጣ፣ አራት ማርሽ ያለው፣ ኮምፒውተር የማይጠይቅ ካምቢዮ። በወረቀት ላይ ሁሉንም ያሟላል። ችግሩ ከነዳጅ መስጫው ወደ ካምቢዮው የሚሄደው ቀጭን ገመድ ነው። ማርሽ መቀየሪያ ብቻ የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም። ገመዱ ነዳጅ ምን ያህል እንደተረገጠ ለካምቢዮው ይነግረዋል፣ ካምቢዮውም በዚያ ልክ የዘይቱን ግፊት ከፍ ያደርጋል። ገመዱ ትንሽ ከላላ ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን ሲያወርድ ውስጥ ያሉት ፍሪሲዮኖች የሚይዛቸው ግፊት ያጣሉ፣ ይንሸራተታሉ፣ ይቃጠላሉ። የሦስተኛና የአራተኛው ፍሪሲዮን ቀድሞ ይሄዳል። ይህን ለማድረግ ብዙ ኪሎ ሜትር አያስፈልገውም። አዲሱ ሞተር ላይ ገመዱ የሚታሰርበት ቦታ ከፋብሪካ ስለሌለ ማሰሪያው በትክክለኛው ማዕዘን መሠራት አለበት። ግፊቱን በጌጅ ለክቶ የሚያስተካክል ሰው ከሌላችሁ አትንኩት።

ሌላም አለ። የዚህ ሞተር ክራንክ ሻፍት ጫፍ ከአሮጌዎቹ የሼቭሮሌት ሞተሮች ይልቅ ወደ ውስጥ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ገባ ያለ ነው። ስለዚህ ከላይ ያነሳኋቸው አሮጌ ካምቢዮዎች ሲገጠሙ ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበትና የሚስማማ ፍላይዊል ይጠይቃሉ።

ለመንገድ መኪና የኔ ምርጫ 4ኤል60ኢ ነው፤ ያውም ከዚያው ሲልቨራዶ፣ ከዚያው ሞተር ጋር የወረደው፣ ከነኮምፒውተሩና ከነሽቦው። የ700አር4 ልጅ ነው፤ የማርሽ ቁጥሮቹም ያው ናቸው፣ ግን ግፊቱን የሚያዘው ኮምፒውተር ስለሆነ የገመዱ ጣጣ የለም። ፋብሪካው ራሱ ያጋባቸው ስለሆኑ ቀለበትም ማስማሚያም አትፈልጉም። መውጫው ላይ እንደ ቲኤች350 ባለ 27 ጥርስ ስለሆነ የመገጣጠሚያው ራስ ያገለግላል፤ ካምቢዮው ረዘም ስለሚል ግን ኃይል ወደ ኋላ የሚያደርሰው ዘንግ ማጠር፣ የካምቢዮው መሸከሚያም ወደ ኋላ መሄድ አለበት። የ1972ቱ የፍጥነት መለኪያ በገመድ የሚሠራ መሆኑንም አትርሱ፤ የኤሌክትሪክ መለኪያ ወይም መቀየሪያ ሣጥን በጀታችሁ ውስጥ አስገቡ። ያገለገለ ስትገዙ የሚነሳ መኪና ላይ ሳለ ሞክሩት። ሁለተኛ፣ አራተኛና የኋላ ማርሽ አንድ ላይ ከጠፉ ውስጡ ያለው የብረት ከበሮ ተሰብሯል ማለት ነው።

ተርቦ ልታስገቡ ወይም ከባድ ተጎታች ልትጎትቱ ካሰባችሁ 4ኤል80ኢ ውሰዱ። ከቲኤች400 የተወለደ ነው፣ አራተኛ ማርሹ 0.75። ግን ከ4ኤል60ኢ 40 ኪሎ ያህል ይከብዳል፣ ወፍራም ስለሆነ ወለሉ ሥር ይጠብባል፣ መውጫው ባለ 32 ጥርስ ነው፣ ኮምፒውተሩም በላፕቶፕ ተከፍቶ ለእሱ መስተካከል አለበት። ላልተነካ 5.3 ሞተር ይህን ሁሉ ወጪ አልመክርም። ያንን ገንዘብ ለብቻው በተገጠመ የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ላይ አውሉት፤ አውቶማቲክን የሚገድለው ሙቀት ነው።

የቱንም ብትመርጡ ስትገጥሙ ይህን ተጠንቀቁ። ቶርክ ኮንቨርተሩን ወደ ካምቢዮው ስትገፉት እያዞራችሁ ግፉ፤ ደረጃ በደረጃ ግጭ እያለ ይገባል፤ የመጨረሻው ግጭታ ከፓምፑ ጋር የሚያያዝበት ነው። ከዚያ ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር በእጅ ግፊት ብቻ ገጥሞ ማረፍ አለበት፤ በኮንቨርተሩና በፍላይዊሉ መካከልም ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይቀራል። ካልገጠመ በብሎን አትሳቡት! ኮንቨርተሩ አልገባም ማለት ነው፤ በጉልበት ካጠበቃችሁት ፓምፑ ይሰበራል፣ አዲሱ ካምቢዮ ሞተሩ ሳይነሳ ያበቃለታል።

የዲፈረንሻላችሁን ቁጥር የማታውቁ፦ ካምቢዮውን ፈት አድርጋችሁ፣ መኪናዋ እንዳትንሸራተት ጎማዎቹን ደግፋችሁ አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ ከመሬት አንሱ፤ በጃክ ብቻ አትተማመኑ፣ መቆሚያ አድርጉበት። ጎማውን ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩና ዘንጉ ስንት ጊዜ እንደዞረ ቁጠሩ። ከሦስት ዙር ትንሽ ካለፈ 3.08 ነው፤ አራት ሊሞላ ሩብ ያህል ሲቀረው ከቆመ 3.73። ይህንና የጎማችሁን ቁመት ጽፋችሁ ላኩልኝ፣ ሂሳቡን አብረን እንሠራዋለን።