የካፒቴንነት ፈቃድ የጽሑፍ ፈተና፦ ከ1,500ው ሰዓት በፊት ያለው ሥራ

ጎሬ ላይ አስተምር በነበረበት ጊዜ ፓይለት መሆን የሚፈልግ ተማሪ ከየክፍሉ አይጠፋም ነበር። የሁሉም ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ «ስንት ሰዓት መብረር ያስፈልጋል?» ስለ ጽሑፍ ፈተናው የሚጠይቅ ግን ብዙም አላጋጠመኝም። ከበረራው ይልቅ ብዙዎችን የሚያስቀረው ግን ወረቀቱ ሊሆን ይችላል።

ትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖችን በካፒቴንነት ለማብረር የሚጠየቀው ከፍተኛው ፈቃድ የአየር መንገድ ትራንስፖርት አብራሪ ፈቃድ ይባላል፤ አብራሪዎቹ ኤቲፒኤል ይሉታል። ከእሱ በታች ያለውን የንግድ አብራሪ ፈቃድ የያዘ ሰው አስፈላጊውን ተጨማሪ ሥልጠና ወስዶ በረዳት አብራሪነት መሥራት ይችላል። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለኤቲፒኤል ያስቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት 21 ዓመት ዕድሜና 1,500 የበረራ ሰዓት ነው። ከዚህ ውስጥ 100ው የሌሊት፣ 75ቱ ደግሞ በመሣሪያ ብቻ እየተመሩ የሚበሩ መሆን አለባቸው። አንደኛ ደረጃ የጤና ምስክር ወረቀትም ያስፈልጋል። በአገራችን ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው።

የጽሑፍ ፈተናው የሚሸፍነው የአየር ሕግን፣ የአውሮፕላኑን አካልና ሞተር፣ የአውሮፕላን አቅምና የጭነት ስሌትን፣ የሰውን ብቃትና ድካም፣ ሜትሮሎጂን፣ ናቪጌሽንን፣ የበረራ አሠራርን፣ አውሮፕላን እንዴት እንደሚበርና የሬዲዮ ግንኙነትን ነው። አውሮፓውያን ይህንኑ በ13 የትምህርት ዓይነቶች ከፋፍለው ይፈትናሉ።

ዝርዝሩ ያስፈራል፤ መሠረቱ ግን ሁለተኛ ደረጃ ላይ የምንማረው ፊዚክስና ሒሳብ ነው። አውሮፕላን ያርፍባት የነበረችውን ጎሬን እንውሰድ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በአቪዬሽን መለኪያ 6,600 ጫማ ያህል ማለት ነው። በመደበኛው ስሌት ባሕር ጠለል ላይ 15 ዲግሪ የሆነው የአየር ሙቀት በየ1,000 ጫማው 2 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በጎሬ ከፍታ 2 ዲግሪ ገደማ መሆን ነበረበት። አንድ ቀን ቀትር ላይ ሙቀቱ 24 ዲግሪ ሆነ እንበል። ልዩነቱ 22 ነው። ለእያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ሲደመር 2,640 ጫማ ይመጣል። ይህም ማለት አውሮፕላኑ የቆመው 6,600 ጫማ ላይ ቢሆንም የሚያገኘው አየር የ9,240 ጫማን ያህል የሳሳ ነው። ሞተሩ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ለመነሳትም ባሕር ጠለል ላይ ከሚያስፈልገው 15 በመቶ ያህል የበለጠ ፍጥነት መሬት ላይ ማግኘት አለበት። ስለዚህ ወይ መንደርደሪያው ይረዝማል፣ ወይ ጭነት ይቀነሳል። ፈተናው የሚጠይቀው ይህን ዓይነት ነገር ነው። የጥያቄና መልስ ስብስብ ሸምድዶ ማለፍ ይቻል ይሆናል፤ ቁጥሩ ሲቀየር ግን የሸመደደው ሰው የሚይዘው ነገር አይኖረውም።

ሌላው የጊዜ ጉዳይ ነው። በአውሮፓ ሁሉንም ፈተናዎች በ18 ወር ውስጥ፣ እያንዳንዱን ቢያንስ በ75 በመቶ ማለፍ ግድ ነው፤ አንዱን የትምህርት ዓይነት አራት ጊዜ ወድቆ ያላለፈ ሁሉንም እንደ አዲስ ይጀምራል። ፈተናዎቹን ጨርሶ ሰዓቱ ያልሞላለትን ሰው አብራሪዎች በልማድ «ፍሮዝን ኤቲፒኤል» አለው ይላሉ። በአሜሪካ ማለፊያው 70 በመቶ ሲሆን ውጤቱ ለ60 ወር ያገለግላል። ይሁን እንጂ ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለብዙ ሞተር አውሮፕላን የጽሑፍ ፈተናው ላይ ለመቀመጥ ራሱ ቅድመ ሁኔታ አለው፦ 30 ሰዓት የክፍል ትምህርትና 10 ሰዓት የሲሙሌተር ልምምድ።

የአሜሪካው ደንብ የመጣው በ2009 (እ.ኤ.አ.) ቡፋሎ አጠገብ 50 ሰዎች ከሞቱበት አደጋ በኋላ ነው። የሚገርመው ሁለቱም አብራሪዎች ከ1,500 በላይ ሰዓት ነበራቸው። አውሮፕላኑ ፍጥነቱ ወርዶ ክንፉ መሸከም ሲያቅተው ካፒቴኑ አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ ሲገባው ወደ ላይ ሳበው። የጎደለው የሰዓት ቁጥር አልነበረም።

ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የበረራ ቁጥር 302 ተከስክሶ 157 ሰዎች ሲሞቱ፣ የረዳት አብራሪው የአህመድኑር ሙሐመድ (አላህ ይዘንለት) 361 የበረራ ሰዓት በውጭ ሚዲያዎች ብዙ ተባለበት። አውሮፕላኑን አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች የደፋው ግን ከአንድ ሴንሰር በደረሰው የተሳሳተ መረጃ የተነሳው ኤምካስ የተባለ ሥርዓት ነበር። ከእሱ ጎን የነበረው ካፒቴን ከ8,000 በላይ ሰዓት ነበረው። የሰዓት ቁጥርን ብቻ ይዞ በሰው ላይ መፍረድ ለእኔ ፍትሕ አይደለም።

ልጃችሁን ለዚህ ትምህርት የምታስቡ ወላጆች፣ በተለይ ውጭ አገር በሚገኝ ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ ቦታ እናገኛለን የሚሉ ደላሎች ከመጡባችሁ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ትምህርት ቤቱ በአገሩ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ዕውቅና አለው? የሚያስፈትነው በየትኛው አገር ደንብ ነው፤ የፈተናው ውጤትስ ለስንት ጊዜ ያገለግላል? በዚያ የሚገኘው ፈቃድ እዚህ ሲመጣ ምን ተጨማሪ ፈተና ይጠየቅበታል? የመጨረሻውን መልስ ከደላላው ሳይሆን አዲስ አበባ ካለው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በጽሑፍ ተቀበሉ። የጤና ምርመራውንም አስቀድሙ፤ የትምህርት ክፍያው ካለቀ በኋላ የዓይን ችግር ተገኝቶበት የቀረ ሰው አውቃለሁ።