የጀልባይቱ ልብ ከሆዷ ወደ ጀርባዋ ሲዛወር

ገዳማተ ጣናን ለመሳለም ከባሕር ዳር የሚነሣ ምእመን በአንዳንዶቹ ጀልባዎች መካከል በሣንቃ የተከደነ ሣጥን ያገኛል። አረጋውያን ይቀመጡበታል፤ እናቶች ስንቃቸውን ያኖሩበታል። ከክዳኑ ሥር ያለው ግን ጀልባይቱን የሚያንቀሳቅሰው የናፍጣ ሞተር ነው። ከእርሱ የሚነሣ የብረት ዘንግ የጀልባይቱን ሆድ በስቶ ይወጣና ከወለሏ በታች፣ በውኃው ውስጥ፣ ፕሮፔለሩን ያሽከረክራል። ይህ የውስጥ ሞተር ባረጀና መለዋወጫው በጠፋ ጊዜ የሚቀርበው ምክር ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አውጥታችሁ ተዉት፤ ከኋላ የሚንጠለጠለውን የውጭ ሞተር እንግዛላችሁ።»

ምክሩ ከፍቅር የመነጨ ነው። በዓረብ ሀገራት በላባቸው የሚያድሩ ልጆቻችን ሳይቀሩ ለገዳም ስጦታ ሲያስቡ ሞተር ቶሎ ይታሰባቸዋል። ነገር ግን ሞተሩ ከመገዛቱ በፊት የጀልባይቱ ጀርባ መታየት አለበት፤ የሚሸከመው እርሱ ነውና።

በመጀመሪያ የውጭ ሞተርን በጎነት እንናገር። ጣና ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢደርስም ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ ጥልቅ በሚባለው ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ውኃው በሚጎድልባቸው በግንቦትና በሰኔ ወራት ወደ ደሴቶቹ መውረጃ የሚቀርብ ጀልባ ከሥሩ ድንጋይ ይነካዋል። የውስጥ ሞተር ፕሮፔለር ከወለሉ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከመሰበር በቀር ማምለጫ የለውም። የውጭውን ሞተር ግን ነጂው ወደ ላይ ቀና አድርጎ በመቅዘፊያ ወደ ዳር ይጠጋል። በ2004 ዓ.ም. በጣና ላይ መታየቱ ከተነገረ ወዲህ በተለይ የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ያስጨነቀው እምቦጭም በፕሮፔለሩ ላይ በተጠመጠመ ጊዜ ሞተሩን አንሥቶ አረሙን በእጅ መፍታት ይቻላል። በውስጥ ሞተር የሚሄደው ጀልባ ቢሆን ኖሮ ሰው ወደ ውኃው መግባት ነበረበት። ለጥገናም ቢሆን የውጩ ሞተር ተፈትቶ ወደ ከተማ ይወሰዳል፤ የውስጡ ግን መካኒኩን ከነመፍቻው ወደ ደሴት ያስጠራል። (ተፈትቶ የሚወሰድ ነገር ለሌባም እንደሚቀልለው አይዘንጋ፤ ሰንሰለትና ቁልፍ ያስፈልገዋል።)

ችግሩ ያለው በክብደቱ ላይ ነው። አሮጌ የናፍጣ ሞተር ከነማርሹ ብዙ ጊዜ ከ200 ኪሎ ግራም ይበልጣል። ይህ ሸክም በጀልባይቱ መካከል፣ ከሁሉ በታች ተቀምጦ ስለኖረ ሚዛኗን የሚጠብቅ መልሕቅ ያህል ነበር። እርሱ ሲወጣ ጀልባይቱ ወደ ላይ ብድግ ትላለች፤ የሚቀራት ሸክም ደግሞ በወንበር ላይ የተቀመጠውና በንግሥ ቀን የሚቆመው ሕዝብ ነው። በጣና ላይ ነፋስ የሚበረታው ከቀትር በኋላ መሆኑን ተሳላሚ ሁሉ ያውቃል። የካቲት 16 ቀን ከዑራ ኪዳነ ምሕረት ሲመለስ ሰው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተነሥቶ ዘጌን ልይ ቢል፣ ትናንት ያልተነቀነቀችው ጀልባ ዛሬ ታዘነብላለች። ስለዚህ የወጣውን ክብደት የሚተካ ነገር በዚያው ስፍራ፣ ከወለሉ ጋር ተጠብቆ መታሰር አለበት። ልቅ ድንጋይ ወይም ያልታሰረ ጆንያ አይበቃም፤ ጀልባይቱ ስታዘነብል ወደ ዘነበለችበት ወገን ይንሸራተታልና።

ሁለተኛው ነገር የኋላ ግድግዳዋ ነው። የውጭ ሞተር በዚያ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ጀልባይቱን ከነሕዝቧ ወደፊት ይገፋል፤ ማዕበል ባነሣትና ባፈረጣት ቁጥርም ግድግዳውን ይወዘውዘዋል። ለውስጥ ሞተር በተሠራች ጀልባ ላይ ይህ ግድግዳ ውኃ ከመከልከል በቀር ሌላ ሥራ አልነበረውም። የፋይበር ግላስ ጀልባ ከሆነች በውስጡ ያለው እንጨት በስብሶ ሊሆን ይችላል፤ በመዶሻ እጀታ ሲመታ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ምልክቱ ነው። መጠገን ማለት ግድግዳውን ማደለብ ብቻ ሳይሆን፣ ኃይሉ ወደ ጎንና ወደ ወለል እንዲከፋፈል በድጋፍ ማያያዝ ነው። ቁመቱም ይለካ። የውጭ ሞተሮች እግራቸው በልክ ይሠራል፤ አጭሩ ወደ 38፣ ረጅሙ ወደ 51 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ግድግዳ ነው። ያለ ልኩ የተገዛ ሞተር ወይ አየር ይቀዝፋል፣ ወይ ከመጠን በላይ ሰጥሞ ይጎተታል። ዘንጉ የወጣበት አሮጌ ቀዳዳም በውታፍ አይደፈንም፤ ዙሪያው ተፍቆ በፋይበር ግላስ ድርብርብ፣ ብረት ከሆነም በብየዳ ይዘጋል።

የጉልበቱም ነገር አለ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩም የሳሳ ነው። ተራ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከመቶ 3 ያህል ጉልበቱን ያጣል። ስለዚህ 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሰጠ ሞተር በዚህ የሚሰጠው ወደ 33 ያህሉን ነው። ምላጩ ብዙ ያልተጠማዘዘ ፕሮፔለር ሲደረግለት ሞተሩ ሳይጨነቅ ይዞራል፤ ለጋሾች ይህንን አብረው ቢልኩ ትልቅ እርዳታ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ቤንዚኑ ነው። ናፍጣ በቀላሉ አይቀጣጠልም። የቤንዚን ትነት ግን ከአየር ስለሚከብድ በጀልባይቱ ሆድ ወርዶ ይተኛል። ሴቶች በማይገቡባቸው በክብራን፣ በዳጋና በጣና ቂርቆስ እናቶች ከወደቡ ወይም ከጀልባው ሳይርቁ ባሎቻቸውንና ልጆቻቸውን ይጠብቃሉ፤ ጧፍ የሚያበሩም አሉ። ጀሪካኑ ከወንበር ሥር በተቀመጠበት ጀልባ ውስጥ ይህ ጸሎት አደጋ ይሆናል። ማጠራቀሚያው አየር በሚያገኝበት ስፍራ፣ ከመቀመጫው ተለይቶ ይሁን፤ ነዳጅ ሲሞላም ሰው ሁሉ ይውረድ።

ለመነኮሳቱ ደግሞ ሐይቁ መጠጣቸው ነው። የአሮጌው የውስጥ ሞተር ዘይት በጀልባይቱ ሆድ ከተጠራቀመ ውኃ ጋር ተቀላቅሎ እየተቀዳ ወደ ሐይቁ መፍሰሱ የሚያሳዝን ነበር። ነገር ግን ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ የሚሰጠው፣ ባለ ሁለት ምት የሚባለው ርካሽ የውጭ ሞተር ከዚህ አይሻልም። በካርቡራተር የሚሠራው ዓይነት ከሚጠጣው ነዳጅ እስከ ሩብ የሚደርሰውን ሳይቃጠል ወደ ውኃው ይተፋዋል። ባለ አራት ምቱ ይከብዳል፣ ዋጋውም ይበዛል፤ ሆኖም ለጣና እርሱ ይመረጣል። ክብደቱ የሚጨምር ስለሆነም ስለ ኋላ ግድግዳ የተናገርነው እንደገና ይታሰብ።

እንግዲህ ሞተር ለመስጠት የተነሣሣ ወገን አስቀድሞ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ የጀልባይቱ የኋላ ግድግዳ በባለሙያ ታይቷልን? ቁመቱ ስንት ነው? ከወጣው ሞተር ፈንታ በመካከል ምን ይቀመጣል? መልስ ያላገኘ ሰው ገንዘቡን ለግድግዳው ጥገና ቢሰጥ ሞተሩን ከሰጠ አያንስም።

ሥራው የሚከናወንበት ወቅት ውኃው የሚጎድልበትና ጀልባይቱን ወደ ደረቅ ማውጣት የሚቀልበት ግንቦት ነው። ከተመለሰች በኋላም ሰው ሳይሳፈርባት በአሸዋ ጆንያ ትሞከር። በሕዝቡ ልክ ተጭና፣ ጆንያዎቹ በሙሉ ወደ አንድ ወገን ተደርገው፣ ጠርዟ ከውኃው ምን ያህል እንደሚቀር ይለካ። ጆንያዎቹ እኩል ተደርገው ጀልባይቱ ቀጥ ብላ ስትቆም ውኃው የሚደርስበት ልክ በጎኗ በቀለም ይሰመር፤ መስመሩ ከተሸፈነ ነጂው ማንንም፣ ካህንም ቢሆን፣ አይጨምር።