ድመቷን ሳያባርሩ ማስነጠሱን ማስታገስ

በአሶሳ ማሽላና በቆሎ በቤቱ ያከማቸ ቤተሰብ ድመቱን በቀላሉ አያባርርም፤ አይጡን ማን ይይዝለታል? ዳሩ ግን ልጅ ድመቷን ባቀፈ ቁጥር የሚያስነጥሰውና ዓይኑን የሚያሳክከው ከሆነ እናት ትጨነቃለች።

ብዙዎቻችን በፀጉሯ እናሳብባለን። ዋነኛው መንስኤ ግን በምራቋና በቆዳዋ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። ድመቷ ራሷን ስትልስ ፀጉሯ ላይ ይደርቅና እንደ ብናኝ በአየር ይንሳፈፋል፤ እርሷ ከቤት ከወጣች በኋላም ለወራት ሊቆይ ይችላል። ስለሆነም ዛሬ አባርሮ ነገ እፎይታ መጠበቅ ከንቱ ነው።

ይልቅስ ድመቷን ከመኝታ ክፍል ማራቅ፣ ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ አቧራ ከማስነሳት በእርጥብ ጨርቅ መወልወል፣ አንሶላውን በየሳምንቱ በሙቅ ውኃ ማጠብ ይረዳል። በረዥሙ የአሶሳ ክረምት በርና መስኮት ተዘግቶ ሲዋል ጥንቃቄው ይበልጥ ያስፈልጋል። የልጁ ደረት ሲር ሲር ካለና ትንፋሽ ካጠረው ግን የድመቷ ነገር ይቆይና ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድ።