የብራና መጻሕፍትና የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ

ዛሬ በይበልጥ እንጅባራ በሚል ስም የምትታወቀው የአዊ ከተማ ቆሰበር፣ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አገሩ ደጋ፣ ክረምቱም ረጅምና ዝናም የበዛበት ነው። እንዲህ ባለ አገር በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የሚቀመጥ የብራና መጽሐፍ ጠላቱ እሳትና ሌባ ብቻ አይደሉም፤ እርጥበትም ነው። ብራና ቆዳ ነውና እርጥበት ሲያገኝ ይለሰልሳል፣ ሲደርቅ ይኰማተራል። ይህም በየዓመቱ ሲመላለስ ቅጠሉ ይጣመማል፣ ቀለሙ ይረግፋል፣ ሻጋታም ይይዘዋል። መጽሐፉን ለማደስ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው የቆዳው ውስጣዊ ሁኔታ ነው፤ ይህም በዓይን አይታይም።

በብርሃን የሚሠራው ማይክሮስኮፕ እንኳ ወሰን አለው። የብርሃን ሞገድ ርዝመት ስለሚያግደው፣ ከሚሊሜትር አምስት ሺህኛ እጅ ይበልጥ የተቀራረቡትን ሁለት ነጥቦች ለይቶ ማሳየት አይችልም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1931 ማክስ ኖልና ኤርንስት ሩስካ በበርሊን፣ በብርሃን ፈንታ ኤሌክትሮንን፣ በመስተዋት ፈንታ የመግነጢስ ኀይልን የሚጠቀም መሣሪያ ሠሩ። (ሩስካ ለዚህ ሥራው የኖቤልን ሽልማት ያገኘው ከ55 ዓመት በኋላ በ1986 ነበር።) መሣሪያው በሁለት ዓይነት ይሠራል፤ በአንደኛው ኤሌክትሮኑ እጅግ በቀጭኑ የተቆረጠውን ነገር ዘልቆ ያልፋል፤ በ1965 በእንግሊዝ አገር ለሽያጭ በቀረበው በሁለተኛው ግን የነገሩን ገጽ እየዳሰሰ ሥዕሉን ያወጣል።

ብራና ኮላጅን የሚባሉ የፕሮቲን ክሮች ተጠላልፈው የሠሩት ነው። ያልተጐዳው ክር በመጀመሪያው ዓይነት መሣሪያ ሲታይ፣ እንደ ጥለት በእኩል ርቀት የተሰለፉ መስመሮች ይታዩበታል፤ ርቀታቸውም 67 ናኖሜትር ያህል ነው፤ ናኖሜትር ማለት ሚሊሜትር ለሚሊዮን ተከፍሎ አንዱ እጅ ነው። እርጥበትና ሙቀት ሲጐዱት መስመሮቹ ደብዝዘው ይጠፋሉ፤ ክሮቹም እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ጀላቲን ይሆናሉ። ጀላቲን ደግሞ ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣው የማጣበቂያ ዓይነት ነው። ከላይ ሲያዩት ደኅና የሚመስል ቅጠል ውስጡ ጀላቲን የሆነ እንደሆነ፣ አዳሹ የተጣመመውን አቀናለሁ ብሎ ውሃ ቢያስነካው ይሟሟል ወይም ይኰማተራል፤ ጽሑፉም አብሮት ይጠፋል። ስለዚህ ነገሩ የሊቃውንት መራቀቂያ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ዓይነት መሣሪያ ከኤክስሬይ መለኪያ ጋር ሲጣመር በገጹ ላይ ምን ምን ንጥረ ነገር እንዳለ ይናገራል። በቀይ ቀለም ላይ ባዜቃና ድኝ በአንድነት ቢገኙ ቀለሙ ሲናባር ነው፤ በብጫው ላይ አርሴኒክና ድኝ ቢገኙ ከዚያው ማዕድን የተሠራ ነው። ምንም ከባድ ንጥረ ነገር ካልታየ ግን ቀለሙ ከዕፅ የተቀመመ ሊሆን ይችላል። በጥቁሩ ቀለም ላይ መሣሪያው ብዙ አይናገርም። በአገራችን ጥቁር ቀለም በልማድ የሚዘጋጀው ከድስትና ከምጣድ ሥር ከተፋቀ ጥላሸት ስለሆነ፣ ብረት አለመኖሩን ከማረጋገጥ በቀር የሚጨምረው ጥቂት ነው። ይህ ጥቂት ግን ዋጋ አለው፤ በአውሮፓ ብዙ መጻሕፍትን የበላው ብረት ያለበት ቀለም ነውና።

ስለ ብራናው አሠራርም እንዲሁ ነው። ዶክተር ሥርግው ሐብለ ሥላሴ በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ስለ ኢትዮጵያ የመጽሐፍ አሠራር በሰፊው ጽፈዋል። በአገራችን ብራና ፋቂው አብዛኛውን ጊዜ የፍየልን ቆዳ በውሃ ብቻ ዘፍዝፎ፣ ወጥሮ ይፍቀዋል፤ የአውሮፓው ግን ቆዳውን በኖራ ውሃ ስለሚያቈይ በብራናው ላይ ካልሲየም ይቀራል። ነገር ግን ካልሲየም የተገኘበትን ሁሉ የውጭ አገር ሥራ ነው ማለት ችኰላ ነው፤ ከግድግዳ ልስን የረገፈ ትቢያም ሊሆን ይችላል።

መሣሪያው ስለ ዘመን አይናገርም። የትናንቱ ጥላሸትና የአራት መቶ ዓመቱ ጥላሸት በሥዕሉ አንድ ናቸው። የአባ ገሪማ ወንጌሎች ዕድሜ በ2000 በኦክስፎርድ የተመረመረው በራዲዮ ካርቦን ዘዴ ነበር። ሻጋታውም ቢታይ፣ ሕያው ይሁን የሞተ ከሥዕሉ ብቻ መፍረድ አይቻልም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የናሙናው ነገር ነው። የተለመደው መሣሪያ የሚሠራው አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ ስለሆነ ብራናውን ያደርቀዋል፤ ብዙ ጊዜም ናሙናው በስስ ወርቅ ይለበጣል። እርጥበትን የሚታገሡ አዳዲስ መሣሪያዎች ቢኖሩም ሙሉ መጽሐፍ ወደ ክፍሉ አይገባም። እንግዲህ ከመጽሐፉ ቍራሽ መቍረጥ ግድ ሊሆን ነው። ቄሰ ገበዙ ወይም አለቃው «መጽሐፉ አይነካም» ብለው የከለከሉ እንደሆነ፣ ተመራማሪዎች ይህን ከአላዋቂነት የሚቈጥሩበት ጊዜ አለ፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም። መልሱ ሊደረግ የታሰበውን ሥራ የማይለውጥ ከሆነ ቍራሹን መውሰድ መጽሐፉን በከንቱ መጕዳት ነው።

የቆሰበርን አካባቢ መጻሕፍት የሚመረምር ሰው በመጀመሪያ በእጅ አጉሊ መነጽር፣ ቀጥሎም በብርሃን ማይክሮስኮፕ ያያል። በእነዚህ ያልተፈታ ጥያቄ ሲቀር ብቻ፣ በባለቤቶቹ ፈቃድ፣ በጥራዙ ሥር ራሱ የረገፈ ፍርፋሪ ካለ እርሱን ያነሣል፤ ከየትኛው ቅጠል አጠገብ እንደ ተገኘም ይጽፋል። በወርቅ የተለበጠው ፍርፋሪ ወደ ቀድሞ ቦታው ሊመለስ አይችልምና፣ ከምርመራው ጽሑፍ ጋር በትንሽ ሣጥን ተደርጎ ወደ ዕቃ ቤቱ ይላካል።