መኪናህ ዘይት «ታለቅሳለች»? ሞተር ከማስወረድህ በፊት...

ወዳጄ! ከሆሳዕና ዱራሜ ደርሰህ ስትመለስ ቪትዝህ ከቆመችበት ስር ጥቁር ነጠብጣብ አየህ እንበል። አትደንግጥ፤ «ሞተሩ ይውረድ» ለሚልህም ቶሎ እሺ አትበል።

ሞተሩን ጠራርገህ ማታ ከስሯ ካርቶን አንጥፍ። ጠብታው ቀይ ከሆነ የካምቢዮ ሊሆን ይችላል፤ ጥቁር ወይም ቡናማ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሞተር ነው። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ ንፋስም ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ የሚንጠባጠብበትን ትተህ ከሁሉ ከፍ ብሎ የረጠበውን ቦታ ፈልግ። የቴስታታ ክዳን ጓርኒሲዮን፣ ፊልትሮ ወይም የማፍሰሻው ቡሎን ከሆነ በትንሽ ወጪ ትገላገላለህ። በሞተርና በካምቢዮ መሀል ከሆነ ግን ኪስህን አዘጋጅ።

የዘይት መብራት መንገድ ላይ ከበራስ? «ከተማ ልድረስ» ብሎ ነገር የለም፤ ወዲያው አቁመህ ሞተሩን አጥፋ!