ከነግህ እስከ ሠርክ፤ በዋሽንግተን ዙሪያ ስላሉት የሕፃናት ማቆያዎችና ስለ ዋጋቸው

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ አካባቢ የሚኖረው ወገናችን ከቤት ኪራይ ቀጥሎ የሚከብደው፣ ሁለት ሕፃናት ላሉትማ ከኪራዩም የሚብሰው ወጪ፣ ልጁን በነግህ ተቀብሎ በሠርክ ለሚመልስለት ማቆያ የሚከፍለው ገንዘብ ነው። በዲሲ አንድ ዓመት ያልሞላው ጨቅላ በማዕከል ሲውል ክፍያው በወር ከ2000 ዶላር ይበልጣል፤ የፌዴራሉ መንግሥት ደግሞ ለማቆያ የሚወጣው ገንዘብ ከቤተ ሰቡ ገቢ ከመቶ 7 እጅ ባይበልጥ ተገቢ ነው ብሎ ስለ ወሰነ፣ ይህን ዋጋ ሳይጨነቅ ሊከፍል የሚችለው በዓመት ከ340,000 ዶላር በላይ የሚያገኝ ሰው ብቻ ነው ማለት ነው። ታክሲ ነጂው፣ የመኪና ማቆሚያ ተቈጣጣሪውና በሆስፒታል የሌሊት ተረኛ የሆነችው ነርስ ግን፣ ዋጋው ከምን እንደ መጣ፣ በዋጋውም ምን እንደሚገኝ የሚነግራቸው ሰው ሳያገኙ፣ ወረፋው ባጠረበት በር ይገባሉ።

ማቆያ እንደ ተቋም ረዥም ዕድሜ የለውም። ፊርሚን ማርቦ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1844 ዓ.ም. በፓሪስ፣ ሻዮ በተባለው ሰፈር የመጀመሪያውን ክሬሽ ሲከፍት፣ አሳቡ እናቶቻቸው በቀን ሥራ የሚደክሙትን የድኾች ሕፃናት ከሞትና ከጕስቍልና ለማዳን ነበር። አሜሪካኖችም ይህን በጎ አድራጎት ተቀብለው ለድኻ የሚሰጥ ምጽዋት አድርገው ስለ ቈጠሩት፣ መንግሥታቸው ነገሩን እስከ ዛሬ ሙሉ ግዴታው አላደረገውም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወንዶቹ ዘምተው ሴቶቹ ወደ ፋብሪካ በገቡ ጊዜ፣ ላንሃም በተባለው ሕግ በተመደበው ገንዘብ በየከተማው ማቆያ ተከፍቶ ነበር፤ ጦርነቱ ባለቀ በዓመቱ ድጎማው ተቋረጠ። በ1971 ዓ.ም. የአሜሪካ ኮንግረስ ምክር ቤቶች ለመላው አገር የሚሆን ሕግ ቢያጸድቁ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ውድቅ አደረጉት። በዚህ ረገድ የተሻለ ሥርዓት ያገኘው ጦር ሠራዊቱ ነው፤ ከ1989ኙ ሕግ ወዲህ ወታደሩ ለማቆያ የሚከፍለው እንደ ገቢው መጠን ነው፤ ሲቪሉ ግን ገበያው የጠየቀውን ይከፍላል።

ወደ ማቆያው የሚያስቸኵለውም የወሊድ ፈቃዱ ማጠር ነው። በ1993 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ሕግ 12 ሳምንት ይሰጣል፤ ያውም ያለ ደመወዝ፣ ከ50 ሠራተኛ በታች ያለውን የግል ድርጅትም ሳያስገድድ። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር የተፈቀደላት እናት፣ ወደዚህ ስትመጣ በሀብታሙ አገር ለአራስ የሚሰጠው ዕረፍት ከድኻው አገር አንሶ ብታገኘው ቢደንቃት አይፈረድባትም። እርግጥ ዲሲ ከ2020 ዓ.ም. ወዲህ ለወላጅ የሚከፈልበትን ፈቃድ በራሱ ሕግ ስለሚሰጥ በዚያ የምትሠራዋ ከሌሎቹ ትሻላለች። ብዙዎቹ ማዕከሎች ሕፃኑን ከ6 ሳምንት ዕድሜው ጀምረው የሚቀበሉትም የወሊድ ፈቃዱ አጭር ስለሆነ ነው።

ዋጋው ለምን ይህን ያህል ናረ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከሌላ ቦታ ሳይሆን መንግሥት ለማቆያዎች ፈቃድ ከሚሰጥበት ደንብ ይገኛል። አንዲት ሞግዚት ስንት ሕፃን መያዝ እንደምትችል የወሰነው ደንቡ ነው፤ በሜሪላንድ ዓመት ተመንፈቅ ላልሞላቸው ለ3 ሕፃናት አንድ ሰው፣ በዲሲ ሁለት ዓመት እስኪሞላቸው ለ4 አንድ፣ በቨርጂኒያም እስከ 16 ወር ድረስ ለ4 አንድ ሰው ይጠየቃል። እንግዲህ በዲሲ 8 ጨቅላዎች የሚውሉበትን አንድ ክፍል እናስብ። በማናቸውም ሰዓት ሁለት ሰው ከክፍሉ መታጣት የለበትም፤ ቤቱ ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ ማታው 12 ሰዓት የሚከፈት እንደ ሆነ በቀን 22 የሥራ ሰዓት ይፈጃል፤ አንዲት ሠራተኛ በቀን የምትሠራው 8 ሰዓት ስለሆነ ሦስት ሞግዚቶች የግድ ይሆናሉ። ስምንቱ ቤተ ሰቦች በነፍስ ወከፍ 2000 ዶላር ቢከፍሉ በወር 16,000 ይሰበሰባል፤ ከዚህም ላይ የሦስቱ ደመወዝና ከደመወዙ ጋር ተያይዞ የሚመጣው ግብር፣ የቤቱ ኪራይ፣ የኢንሹራንሱ፣ የምግቡና የጽዳቱ ወጪ ሲነሣ ለባለቤቱ የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ብዙ ጊዜም የጨቅላዎቹ ክፍል ጕድለት የሚሸፈነው ከትልልቆቹ ክፍል በሚገኘው ትርፍ ነው። ልጁ አራት ዓመት ሲሞላው በሦስቱም ግዛቶች ለ10 ሕፃናት አንድ ሰው ስለሚበቃ ዋጋው ከዕድሜው ጋር ይቀንሳል። የሚከፈለው እንግዲህ የእጅ ዋጋ ነው፤ ሕፃኑን የሚያቅፍ፣ የሚያጥብ፣ የሚያጐርስ እጅ። የሚያሳዝነውም ወላጁ እስኪጨንቀው እየከፈለ የእጁ ባለቤት ደመወዝ ዝቅተኛ መሆኑ ነው፤ ዲሲ ይህን ተመልክቶ በ2022 ዓ.ም. ለማቆያ መምህራን የደመወዝ ማሻሻያ የሚሆን ገንዘብ መድቦአል።

ይህ ከታወቀ ዘንድ ማዕከሎች በማስታወቂያቸው የሚያወድሱትን ጸጋ በመጠኑ መመልከት ይቻላል። ካሜራ አለን ይላሉ፤ በየሰዓቱ የልጁን ሥዕል በስልክ እንልካለን፣ ስፓኒሽ እናስተምራለን፣ በሳምንት አንድ ቀን የሙዚቃ መምህር ይመጣል ይላሉ። እነዚህ ሁሉ ለማዕከሉ ርካሽ፣ ለወላጁ ዓይን ግን ማራኪ ነገሮች ናቸው። የስምንት ወር ሕፃን ከካሜራው የሚያገኘው ጥቅም የለም፤ እናቱ በሥራ ቦታዋ ሆና ስልኳን እየከፈተች ስታለቅስ ያየ ሰው ለእርስዋም ይጠቅማል ብሎ ለመማል ይቸገራል። በእውነት ከወጪ የሚያድነው ሌላ ነው፤ ቍርስ፣ ምሳና መክሰስ በክፍያው ውስጥ መሆኑ፣ ዳይፐር ከቤት መምጣቱና አለመምጣቱ፣ ለሁለተኛው ልጅ የሚደረገው ቅናሽ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ማምጣት መፈቀዱ።

በውሉ ጀርባ በደቃቅ ፊደል የሚጻፈውም ከዋናው ዋጋ ያልተናነሰ ጕዳይ ነው። ተራ ለመያዝ የሚከፈልና የማይመለስ ገንዘብ አለ፤ የመመዝገቢያ አለ፤ ማቆያው በበዓል ሲዘጋ፣ ልጁም ታሞ ሲቀር ክፍያው አይቀነስም። በብዙ ቦታ ለዘገየ ወላጅ በየደቂቃው 1 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ይቈጠርበታል፤ ቤልትዌይ በተባለው ቀለበት መንገድ ላይ አደጋ ደርሶ 25 ደቂቃ የቆመ አባት ሲደርስ ልጁን ከነካፖርቱ በር ላይ፣ ሒሳቡንም ከልጁ ጋር ያገኘዋል። የሕፃኑ ትኵሳት 100.4 ፋራናይት፣ ማለት 38 ሴንቲግሬድ፣ ከደረሰ በብዙ ማቆያ ወላጁ ወዲያው ተጠርቶ ይወስደዋል፤ ያለ መድኃኒት 24 ሰዓት ሳያተኵሰው ካልዋለም አይመለስም። በመጀመሪያው ክረምት ይህ እየተደጋገመ የሚመጣ ስለሆነ፣ በሰዓት የምትከፈል እናት የቀረችበትን ሰዓት ከማቆያው ሒሳብ ጋር ደምራ ካላሰበች እውነተኛውን ዋጋ አላወቀችም።

ከማዕከሉ ሌላ ወገናችን በብዛት የሚያውቀው በመኖሪያ ቤት የሚከፈተው ማቆያ ነው፤ ባለቤቶቹም ብዙ ጊዜ የአገራችን ሴቶች ናቸው። በሜሪላንድ ባለ ፈቃዲቱ በቤቷ እስከ 8 ሕፃናት ትቀበላለች፤ ብቻዋን ከሆነች ግን ከሁለት ዓመት በታች የሆኑት ከ2 መብለጥ የለባቸውም። ዋጋው ብዙውን ጊዜ ከማዕከሉ ያንሳል፤ ሰዓቱም ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ ወደ ደለስ አውሮፕላን ጣቢያ ለሚሄድ ሠራተኛ የሚመች ይሆናል፤ ሕፃኑም እማማ ከሚላት ሴት ጋር በአማርኛ ሲኮላተፍ ይውላል። ይህ የመጨረሻው በማናቸውም ማዕከል በገንዘብ የማይገዛ ትሩፋት ነው። ጕድለቱ ደግሞ ባለቤቲቱ የታመመች ዕለት ማቆያው ታሞ መዋሉ ነው፤ የሚተካት የለም። አንዳንዶቹም በታኅሣሥ መጨረሻ ለገናችን፣ እንዲሁም ለስቅለት ይዘጋሉ፤ ወላጁ ራሱ ሥራ ገቢ ከሆነ ያን ቀን ጨንቆት ይውላል።

በባለ ፈቃዲቱ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የዕለት መዝገብ ቀርቦ ላነበበ ሰው የሥራው ክብደት ይገለጥለታል። የያንዳንዱ ሕፃን ስም ተጽፎ፣ ወተቱን በስንት ሰዓት ስንት አውንስ እንደ ጠጣ፣ ዳይፐሩ መቼ እንደ ተለወጠ፣ መቼ ተኝቶ መቼ እንደ ነቃ በመስመር በመስመር ይሞላል። የፌዴራሉን የምግብ ድጎማ የምትቀበል ከሆነች ለቍርስና ለምሳ ያቀረበችውን ወተት፣ አትክልትና ፍራፍሬ ለብቻው ትመዘግባለች። ዓመት ያልሞላው ሕፃን በጀርባው ተንጋሎ፣ ትራስና ብርድ ልብስ በሌለበት ባዶ አልጋ ብቻ ነው የሚተኛው፤ ይህም በእንቅልፍ ላይ ሳለ ድንገት የሚደርሰውን የሕፃናት ሞት ለመቀነስ በ1994 ዓ.ም. በአገሪቱ ሁሉ የተጀመረው ትምህርት ያመጣው ሥርዓት ነው። በአንቀልባ አዝላ፣ በነጠላ ሸፍና ልጅ ያሳደገች ሴት ይህን ደንብ መጀመሪያ ስትሰማ ጭካኔ ይመስላታል፤ ይሁን እንጂ የፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ተቈጣጣሪ ሳይነግር ሲመጣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው አልጋውን ነው።

ፈቃድ ሳይኖራት በእጅ በሚሰጥ ገንዘብ የምትቀበለዋን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ክፍያው ቀላል ነው፤ ነገር ግን ደረሰኝ የለም። መሥሪያ ቤቱ የሚፈቅድለት ሠራተኛ ለማቆያ የሚሆን ገንዘብ ግብር ሳይነካው ከደመወዙ ማስቀመጥ ይችላል፤ መጠኑም ለብዙ ዘመን 5000 ዶላር ሆኖ ከቈየ በኋላ ከ2026 ዓ.ም. ጀምሮ 7500 ሆኖአል፤ ዳሩ ግን የተቀባይዋን የግብር ቍጥር መጻፍ ግዴታ ስለሆነ፣ በዚያ ርካሽ በተባለው ቤት የተገኘው ቍጠባ በግብሩ በኩል ተመልሶ ይሄዳል።

አያትን ከአገር ቤት ማስመጣትም ራሱን የቻለ የማቆያ ዓይነት ሆኖአል። በጐብኝ ቪዛ የምትመጣው እናት ብዙውን ጊዜ የሚፈቀድላት የስድስት ወር ቈይታ ነው፤ የአውሮፕላኑ ቲኬት፣ የጤና ኢንሹራንሱና የክረምት ልብሱ ሁሉ ተደምሮ ከማዕከሉ የሁለት ወር ክፍያ እምብዛም አይርቅም። ለሕፃኑ የሚሆነውን ፍቅር ማን ይተካዋል! ነገር ግን ማኅበሯን፣ ዕድሯንና የሰፈር ደብሯን ትታ የመጣች አሮጊት በበረዶ ወራት፣ ቋንቋውን በማታውቀው አገር፣ በአሥረኛ ፎቅ ላይ ከሕፃን ጋር ተዘግቶባት ስትውል የምትከፍለውን ዋጋ ልጆቿ ከሒሳብ ማስገባት ይገባቸዋል። ስድስቱ ወር ሲያልቅም ብዙ ጊዜ ሕፃኑ ገና ዓመት አልሞላውም፤ ጥያቄው ካቆመበት ይቀጥላል።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ሥራቸው በመደበኛ ሰዓት የሆነና የመንግሥት ድጎማ የሚደርሳቸው ማዕከሉን ይምረጡ፤ በፈረቃ የሚሠሩ ባለ ፈቃዲቱን ጎረቤት ይፈልጉ። ድጎማ ለማግኘት በሦስቱም ግዛቶች ለዝቅተኛ ገቢ የተዘጋጀ መርሐ ግብር ስላለ፣ ይሉኝታ ይዞአቸው ሳያመለክቱ የሚቀሩ ወገኖች ያጠፋሉ፤ ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ የቆመው ሄድ ስታርትም ገቢያቸው ላነሰ ቤተ ሰቦች ልጆች ያለ ክፍያ ነው። በር ላይ ስትደርሱ ስለ ካሜራው አትጠይቁ፤ ልጄን የምትይዘዋ ሴት እዚህ ቤት ከገባች ስንት ዓመቷ ነው፣ ከእርስዋ በፊት የነበረችውስ ለምን ወጣች ብላችሁ ጠይቁ። የተቈጣጣሪዎቹ ሪፖርት ለማንም ክፍት ስለሆነ ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት። በዲሲ የምትኖሩ ደግሞ፣ ልጃችሁ እስከ ሴፕቴምበር 30 ሦስት ዓመት የሚሞላው ከሆነ፣ ገቢያችሁ ምንም ያህል ቢሆን የከተማው ቅድመ መደበኛ ትምህርት ቤት በነጻ ነው፤ ቦታው በዕጣ ስለሚደለደልና ማመልከቻው በማርች ወር መጀመሪያ ስለሚዘጋ፣ ቅጹን ከክረምቱ በዓላት በኋላ ሳትዘገዩ ሙሉ።