ስለ ጌታችን ሕይወት የሚታይ ሲኒማና የተመልካቾች ልብ

ስለ ጌታችን ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ ሕይወት የተሠራውን ፊልም ከልጆቹ ጋራ ተቀምጦ ያየ አባት፥ ፊልሙ ባለቀ ጊዜ ከትንሹ ልጁ አንድ ጥያቄ ሳይሰማ አይቀርም። ይኸውም «አባባ፥ የጌታ መልክ እውነት እንዲህ ነበር?» የሚል ነው። ጥያቄው የሕፃን ቢመስልም ታላላቆቹን ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል የሚያይ ሰው ሥዕል መሆኑን ያውቃል። በሲኒማ ግን የሚታየው የሚናገርና የሚያለቅስ ሕያው ሰው ነውና፥ መልኩ በልብ ተቀርጾ ይቀራል፤ በኋላም ወንጌል በተነበበ ቍጥር ያው መልክ ይመጣል። ብዙው ክርክር የሚነሣው ከዚህ የተነሣ ነው።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1912 ዓ.ም. ሲድኒ ኦልኮት የተባለ አዘጋጅ ሠራተኞቹን ይዞ ወደ ግብፅና ወደ ፍልስጥኤም ሄዶ፥ ከልደት እስከ ስቅለት ያለውን ታሪክ በፊልም አነሣ። ወሬው በእንግሊዝ አገር በተሰማ ጊዜ፥ ቅዱሱን ነገር በጨዋታ ቤት ማሳየት ድፍረት ነው ሲሉ ብዙዎች ተቈጡ። ካህናት ተጠርተው ባዩት ጊዜ ግን ብዙዎቹ ወደዱት። ይህም ሆኖ በዚያው ዘመን የተቋቋመው የእንግሊዝ የፊልም መርማሪ ጉባኤ የክርስቶስ መልክ በሲኒማ እንዳይታይ ደንብ አወጣ።

ሁለተኛው ክርክር ከመልክ ይልቅ የከበደ ነው። በ1927 ዓ.ም. ሴሲል ደ ሚል «የነገሥታት ንጉሥ» የተባለውን ፊልም ባወጣ ጊዜ፥ የአሜሪካ አይሁድ የስቅለቱን በደል በሕዝባችን ሁሉ ላይ ይጥልብናል ብለው አዘኑ። አዘጋጁም አንዳንዱን ክፍል አርሞ በደሉን በሊቀ ካህናቱ በቀያፋ ላይ ብቻ አደረገው። በ2004 ዓ.ም. የሜል ጊብሰን ፊልም ሕማሙን በብዙ ደም ባሳየ ጊዜም ይኸው ሥጋት ተመለሰ፤ አንዱ ተመልካች በእንባ ታጥቦ ሲወጣ፥ ሌላው ስለ ልጆቹ ፈርቶ ወጣ። ጠላቱን የወደደውን ጌታ ታሪክ አይቶ ጎረቤቱን መጥላት የተማረ ልጅ፥ ፊልሙን አየ እንጂ ታሪኩን አላየም።

ከእነዚህ መካከል ጥበብ የታየበት ሥራ በ1959 ዓ.ም. ዊልያም ዋይለር ያዘጋጀው «ቤን ሁር» ነው። ቤን ሁር በሰንሰለት ታስሮ ሲነዳ በናዝሬት ውኃ ጠማው፤ የሮማው ወታደር ግን ውኃ ከለከለው። በዚያን ጊዜ አንድ ሰው ቀርቦ አጠጣው። ወታደሩም ሊቈጣ መጥቶ የሰውዬውን ፊት ባየ ጊዜ ቃል አጥቶ ተመለሰ። እኛ ተመልካቾች ጀርባውንና እጁን እንጂ ፊቱን አላየንም፤ ነገር ግን በወታደሩ ፊት ላይ የሆነውን አይተን የዚያን መልክ ግርማ ዐወቅን።

በ1964 ዓ.ም. ደግሞ ጣሊያናዊው ፒዬር ፓኦሎ ፓዞሊኒ የማቴዎስን ወንጌል በፊልም ሠራ። እርሱ ራሱ ሃይማኖት የለኝም የሚል ሰው ነበረ። ጌታን ሆኖ የታየው አንድ የስጳኝ ተማሪ ሲሆን፥ በመስቀሉ ሥር የምታለቅሰውን እመቤታችንን ሆና የታየችው የአዘጋጁ የገዛ እናቱ ናት። ይህችም ሴት ታናሹን ልጅዋን በ1945 ዓ.ም. በጦርነቱ አጥታ የነበረች እናት ናት። ልጅ የሞተባት እናት ያንን ኀዘን ስታሳይ፥ የሚያያት ሰው የጨዋታ ነው ብሎ ሊያልፈው አይችልም።

እንግዲህ የሲኒማ መልካምነቱ የጌታን መልክ ይህ ነው ብሎ በመወሰን አይደለም፤ ጌታን ያዩትና የወደዱት ሰዎች ምን እንደ ሆኑ በማሳየት ነው። ስለዚህ አባትና እናት ልጆቻቸውን ሲያሳዩ፥ ደም የበዛበትን ለታናናሾቹ ሳያቀርቡ፥ አብረው ተቀምጠው ይዩ። ልጁም ያን ጥያቄ በጠየቀ ጊዜ፥ «ልጄ፥ መልኩን እኛ አላየንም፤ ያዩት ግን ምን እንዳደረጉ ተጽፎልናል» ብለው መጽሐፉን አውርደው ያንብቡለት።